ማሽን ላይ የምትለጠፈው ማይክ

ይህች ፒየዞ ማይክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የምትቀይር) የአየር ላይ ድምፅ ብዙም አትሰማም። ማሽኑ ላይ ትለጠፋለች፤ የምትወስደው ንዝረቱን ነው። ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ስሞክራት ከ50 ኸርዝ መብራት የሚመጣው የ100 ኸርዝ ጉርምርምታ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። በጣም ደስ ይላል! የክፍሉ ጫጫታ የለም ማለት ይቻላል። በአድማጩ ዙሪያ በተደረደሩ ስምንት ስፒከሮች ድምፅ ለሚያቀናብር ሰው ይህ ወርቅ ነው። ጉርምርምታውን ከኋላ አስቀመጥኩት፤ የልብስ ማጠቢያውን ሽክርክሪት ደግሞ በአድማጩ ዙሪያ አዞርኩት። ድምፆቹ ስላልተደባለቁ እያንዳንዱ ከየት እንደሚመጣ በደንብ ይለያል።

ለንግግር ቅጂ ግን አትግዟት። በተራ የማይክ መግቢያ ከሰካችኋትም ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ይጠፋል። የመግቢያው የኤሌክትሪክ መቋቋም (ኢምፔዳንስ) ቢያንስ 1 ሜጋኦም የሆነ ፕሪአምፕ፣ ማለትም ደካማ ምልክት የሚያጎላ መሣሪያ፣ ፈልጉላት። ገመዷም ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ ከመቅዳታችሁ በፊት በፕላስተር አጣብቁት።