ኮሊሲየም ወይስ ኮቨንት ጋርደን? ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን የኦፔራ ትኬት ለሚገዛ ሰው

ለንደን ውስጥ በእግር ከአሥር ደቂቃ ብዙም የማይራራቁ ሁለት ትልልቅ የኦፔራ ቤቶች አሉ። አንደኛው ከትራፋልጋር አደባባይ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ኮሊሲየም ነው፤ ኢንግሊሽ ናሽናል ኦፔራ ከ1968 ጀምሮ የሚጫወተው እዚያ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ሁለተኛው ኮቨንት ጋርደን የሚገኘው ሮያል ኦፔራ ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይዞ መሄድ የፈለገ ወዳጅ «የትኛው ይሻላል?» ሲለኝ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ይበልጥ የምትፈልጉት ቃሉን ነው ወይስ ድምፁን?

የሁለቱ ዋና ልዩነት ቋንቋ ነውና። ኢንግሊሽ ናሽናል ኦፔራ ድርሰቱ የጣልያንም ሆነ የጀርመን፣ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ይዘፍነዋል። ሮያል ኦፔራ ግን በተደረሰበት ቋንቋ ነው የሚያቀርበው። በሁለቱም ቤቶች ከመድረኩ በላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሚታይ ታሪኩን የሚስት ሰው የለም። ቢሆንም ማንበብና መስማት ይለያያሉ። ቅኔ ሲተረጎም ሰሙ ይሻገርና ወርቁ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ እንደሚቀር እናውቃለን። ጣልያናዊው የኦፔራ ደራሲ ቬርዲም ዜማውን የደረሰው ለጣልያንኛ አናባቢዎች ነው፤ ሰፋ ብሎ እንዲከፈት የታሰበው ድምፅ ላይ ጠባብ የእንግሊዝኛ ቃል ሲገባበት ዘፋኟ ስትታገል ይሰማል። በሌላ በኩል ሰው የሚያሥቅ ወይም ንግግር የበዛበት ኦፔራ በሚሰሙት ቋንቋ ሲቀርብ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሥቃል። ይህን ደስታ ከጽሑፍ ማግኘት አይቻልም።

ሁለቱን ቤቶች ያመዛዘንኩት በቬርዲ «አይዳ» ነው፤ ለእኛ ከዚህ የቀረበ ኦፔራ የለም። በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ሥራ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆና ስለምታገለግል የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ይተርካል። በ2017 ኮሊሲየም ፌሊም ማክደርሞት ያዘጋጀውን ስሄድ ከአዲስ አበባ የመጣች አክስቴ አብራኝ ነበረች፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት ናት። መድረኩ ላይ ሐር እየተንሳፈፈ፣ ሰርከስ ሠሪዎች እየተገለባበጡ፣ ለዓይን የሚበዛ ነገር ነበር። እሷ ግን ያንን ሁሉ ትታ ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የአገራችን ስም ሲጠራ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ እኔ ዘንበል አለችና «ኢትዮጵያ አሉ አይደል ልጄ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ወደ ጽሑፉ ቀና አላለችም።

በ2022 ደግሞ ሮበርት ካርሰን ለሮያል ኦፔራ ያዘጋጀውን ብቻዬን አየሁ። ፒራሚድ የለ፣ አባይ የለ፤ ያለው ግራጫ የኮንክሪት አዳራሽና የዘመናችን ወታደራዊ ልብስ ነው። ኢትዮጵያን ከዓይን ማጥፋቱ ቅር አሰኝቶኛል፤ አሁንም ልክ ነው ብዬ አልቀበለውም። ሆኖም አይዳ በሦስተኛው ክፍል አገሯን ዳግመኛ እንደማታይ ስትዘፍን ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣልያንኛ አልችልም፤ ግን ትዝታ ሲዘፈን እየሰማ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ አስተርጓሚ ሳያሻው ያውቀዋል። ስለዚህ ፍርዴ ይኸው ነው፦ ለቬርዲ፣ ለፑቺኒና ለዋግነር ኮቨንት ጋርደን፤ ለአስቂኝ ሥራዎችና ለዘመናዊ ድርሰቶች ኮሊሲየም። ኮሊሲየም ቬርዲን አይችልበትም ማለቴ ግን አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት በየጊዜው የተመለሰው፣ ጆናታን ሚለር በ1982 የቬርዲን «ሪጎሌቶ» ወደ ኒው ዮርክ ማፊያ ሠፈር ያዛወረበት ዝግጅትም የተወለደው ኮሊሲየም ነው።

ዋጋን በተመለከተ ኮሊሲየም ለኪስ ይራራል። ርካሹ ትኬት ከ10 ፓውንድ ይጀምራል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች ደግሞ በነፃ የሚሰጥ ትኬት ስላለ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ውሳኔው እዚሁ ላይ ያልቃል። ኮቨንት ጋርደን ጥሩ መቀመጫ ከ200 ፓውንድ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የጎን መቀመጫና የመቆሚያ ቦታ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አዳራሹ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ስላለው ከጎን የተቀመጠ ሰው የመድረኩ አንድ ጥግ ይሰወርበታል። ሲገዙ ስለ እይታው የተጻፈውን ሳያነቡ አይክፈሉ። ሮያል ኦፔራ ዓርብ ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ለቀጣዩ ሳምንት ትኬት ይለቅቃል፤ ሰዓቱን ጠብቆ ድረ ገጹ ላይ የተገኘ ሰው ሞልቷል ወደተባለ ዝግጅት ሊገባ ይችላል። ኮሊሲየም ከ2,300 በላይ መቀመጫ ያለው ሰፊ ቤት ስለሆነ ቦታ ማግኘት አይከብድም፤ የላይኛው ሰገነት ግን ቁልቁለቱ ያዞራል። ጉልበት የሚያመው እንግዳ ካለ ጥቂት ጨምረው ዝቅ ያለውን ይግዙ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። በ2022 መጨረሻ የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ለኢንግሊሽ ናሽናል ኦፔራ በየዓመቱ ይሰጥ የነበረውን 12.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደሚያቋርጥና ድርጅቱ ከለንደን እንዲወጣ እንደሚፈልግ አስታወቀ። ከብዙ ሙግት በኋላ ድርጅቱ ዋና መቀመጫውን እስከ 2029 ወደ ታላቋ ማንቸስተር ለማዛወር፣ በኮሊሲየምም ዝግጅቱን ለመቀጠል ወሰነ። የሙዚቃ ዳይሬክተሩ ማርቲን ብራቢንስ የኦርኬስትራውንና የኅብረ ድምፅ ዘፋኞቹን የሥራ ጊዜ ለመቀነስ የቀረበውን ዕቅድ ተቃውሞ በ2023 ለቀቀ። ማንቸስተር ኦፔራ ይገባታል፤ በዚያ የሚቆጭ ሰው ሊኖር አይገባም። ነገር ግን አብሮ በመዝፈንና በመጫወት የተዋሐደ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሳይገናኝ ያንን ጥራት ይዞ ይቆያል ብሎ ማመን ይቸግረኛል። አዲሱ የሙዚቃ ዳይሬክተር አንድሬ ደ ሪደር ሥራ የሚጀምረው በ2027 ነው፤ ከዘመናዊ ሙዚቃ ጋር ያለው ቅርበት ተስፋ ይሰጠኛል።

ለገዢ የዚህ ሁሉ ትርጉሙ የኮሊሲየም የኦፔራ ወቅት አጭር መሆኑ ነው። ብዙ ሥራዎች ለጥቂት ምሽቶች ብቻ ታይተው ይወርዳሉ፤ እንግዳችሁ የሚመጣው በለንደን በጋ (በእኛ ክረምት) ከሆነ ኢንግሊሽ ናሽናል ኦፔራን እዚያ ላታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የኮሊሲየምን የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ፤ የሚመች ምሽት ከጠፋ ወደ ኮቨንት ጋርደን ዙሩ። እዚያም ሪቻርድ ኤር በ1994 ያዘጋጀው «ላ ትራቪያታ» በፕሮግራሙ ላይ ካለ ሌላ አትምረጡ። አክስቴም በሚቀጥለው ስትመጣ የማሳያት እሱን ነው።