የአርሰኒክ መመርመሪያ ሣጥን፦ በጅማ የግቢ ጉድጓዶች ላይ የተደረገ ሙከራ

በጊንጆ አካባቢ የምንኖር የአንድ እድር አባላት ባለፈው በጋ ገንዘብ አዋጥተን የጉድጓድ ውሃ አርሰኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር እንዳለበት የሚያሳይ መመርመሪያ ሣጥን ገዛን። ለግዢው ያነሳሳን የቧንቧ ውሃ በሚጠፋባቸው ሳምንታት ብዙዎቻችን ወደ ግቢ ጉድጓዳችን መመለሳችን ነው። ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርሁ ጡረተኛ በመሆኔ ምርመራው በእኔ ላይ ተጣለ። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሳቸው ጉድለቶች በአብዛኛው ከዘዴው የሚመነጩ እንጂ የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆኑ ነው።

ሣጥኑ ለ50 ምርመራ የሚበቃ ሦስት ዓይነት ዱቄት፣ ሁለት ጠርሙሶች፣ ሜርኩሪ ብሮማይድ የተቀቡ ቀጫጭን ወረቀቶችና የቀለም ማነጻጸሪያ ካርድ ይዟል። አሠራሩ እንግሊዛዊው ኬሚስት ጄምስ ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1836 ካስተዋወቀው ዘዴ የወረደ ነው። የመጀመሪያው ዱቄት ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ውጤቱን የሚያሳስተውን የሰልፈር ጋዝ ያከሽፋል፤ ሦስተኛው የዚንክ ብናኝ ነው። ዚንኩ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ በውሃው ውስጥ አርሰኒክ ካለ ከሃይድሮጅኑ ጋር ተዋሕዶ አርሲን የተባለ ጋዝ ይሆንና ወደ ላይ ወጥቶ ከክዳኑ ሥር ያለውን ወረቀት መጀመሪያ ቢጫ፣ መጠኑ ሲበዛም ቡናማ ያደርገዋል። ካርዱ ከ0 ተነሥቶ በ10፣ በ25፣ በ50 እያለ እስከ 500 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) በሊትር ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ጣሪያ 10 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ ከካርዱ ሁሉ ለእኛ ዋናዋ ከነጩ ቀጥላ ያለችው ፈዛዛ ቢጫ ናት።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው፤ አፋን ኦሮሞም አማርኛም የለውም። ከዚህ ይበልጥ ቅር ያሰኘኝ ግን ስለ አርሰኒክ ጉዳት የሚናገረው አንድ መስመርና የራስ ቅል ሥዕል ብቻ መሆኑ ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው ይህ መርዝ እንደ ቆሻሻ የሚታይ፣ እንደ ጀርምም በእሳት የሚሞት ይመስለዋል። አንድ የተከበሩ ጎረቤቴ ጠርሙሱን ይዤ ግቢያቸው ስገባ፣ «መምህር፣ እኛ እኮ አፍልተን ነው የምንጠጣው፤ ምን ያስፈራናል?» ብለውኛል። አርሰኒክ ንጥረ ነገር ስለሆነ በመፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲቀንስ እርሱ በቀረው ውስጥ ይጠናል። ውሃ አጋርም ቢሆን ጀርም ይገድላል እንጂ አርሰኒክን ከውሃው አያወጣም።

መመሪያው ሊነግረን ይገባ የነበረው አርሰኒክ ሕዋስን የሚጎዳው በማስመሰል መሆኑን ነው። በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በዋናነት በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው አርሴኔት ነው። አርሰኒክ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ከፎስፈረስ ሥር የተቀመጠ የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ፣ አርሴኔት ፎስፌት የተባለው የፎስፈረስ ውሁድ በሚያልፍበት በር ወደ ሕዋስ ይገባል፤ ሕዋሱም ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ስንቁን ሲያዘጋጅ በፎስፌት ፈንታ እርሱን ይገጥመዋል። ይህ ግጥሚያ በውሃ ወዲያው የሚፈርስ ልል ስለሆነ ስኳሩ ይቃጠላል፣ ስንቁ ግን አይጠራቀምም። ሁለተኛውና የባሰው አርሴናይት ሲሆን፣ ኦክስጅን ባነሰው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይበዛል፤ ወደ ሕዋስ የሚገባውም ግሊሰሮል በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ነው። ከገባ በኋላ በፕሮቲኖች ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ የሰልፈር ጫፎችን አጣምሮ ይይዛል። ከሚያስራቸው ኢንዛይሞች (የሕዋስን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) አንዱ ከስኳር የተገኘውን ፒሩቬት የሕዋሱ ኃይል ማምረቻ ወደሆነው ወደ ማይቶኮንድሪያ የኃይል ዑደት የሚያሻግረው በመሆኑ፣ ጉዳቱ የሕዋሱን ማገዶ ከደጅ እንደ ማስቀረት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በኦክስፎርድ የተሠራው ዳይመርካፕሮል የተባለው ማርከሻ ለአርሰኒክ ሁለት የሰልፈር ጫፎች አቅርቦ ከኢንዛይሙ የሚያስለቅቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጉበታችን ሜቲል የተባለ የአቶሞች ቡድን እየጨመረበት አርሰኒክን በሽንት ለማስወገድ ይሞክራል፤ ነገር ግን በመካከል ከሚፈጠሩት ውሁዶች አንዱ ከመነሻው ይልቅ መርዛማ ነው። የዲ.ኤን.ኤ. ጥገና ፕሮቲኖችም ዚንክ የያዘ ጣት መሰል ክፍል ስላላቸው አርሴናይት ዚንኩን ገፍቶ ቦታውን ይወስዳል፤ ለዓመታት ከጠጡ በኋላ የሚመጣው የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር አንዱ ምክንያትም ይኸው እንደሆነ ይታመናል። የባንግላዴሽ ገበሬዎች ከተቅማጥ ሊያድናቸው ተብሎ ከተቆፈረላቸው ጉድጓድ ብዙ ዓመት ጠጥተው መዳፋቸው የሻከረውና ቆዳቸው የተዥጎረጎረው ውሃው ጥርት ያለ፣ ጣዕምና ሽታ የሌለው ስለነበረ ነው። ሣጥኑ ሁለቱንም መልኮች በአንድነት መለካቱን እንደ ትልቅ ጥንካሬ የምቆጥርለትም ለዚህ ነው፤ ጠጪው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውምና።

አሁን ወደ ሙከራው ልግባ። ኬሚስት የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ የታወቀ መጠን ያለው አርሰኒክ የተሟሟበት ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቀምሞ ሰጠኝ፤ አንደኛው 50፣ ሌላው 10 ማይክሮግራም በሊትር ነበረ። ወረቀቶቹን ለሦስት ሰዎች ሳሳይ የ50ውን ሁለቱ በትክክል ሲያነቡ ሦስተኛዋ 25 አለች። በ10ሩ ላይ ግን አንዱ «ምንም የለውም» ሲል ሁለቱ ፈዛዛ ቢጫ አይተዋል፤ እነርሱም ያዩት ወረቀቱን በረንዳ ላይ በቀን ብርሃን ከያዙ በኋላ ነው። በአምፖል ብርሃን ነጩም ቢጫ ስለሚመስል ማታ መመርመር ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ብዙ አርሰኒክ ያለበትን ጉድጓድ ይለያል፤ የደኅንነቱ ወሰን በሆነችው በ10 አካባቢ ግን የሰው ዓይን አይታመንም።

ከዚያ 11 ጉድጓዶችን መረመርሁ። በአሥሩ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። በአንደኛው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ውሃ ባለው ጉድጓድ፣ ወረቀቱ ቀለም ሲይዝ ባለቤቱ ደንግጠው ጉድጓዱን ሊደፍኑት ተነሡ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሁለተኛውን ዱቄት ከጨመርሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ሲገባኝ ቸኩዬ ዚንኩን ስለጨመርሁ የሰልፈሩ ጋዝ ወረቀቱን ነክቶታል። በሰዓት ይዤ ስደግመው ቀለሙ አልታየም። መመሪያው ይህን የመጠበቂያ ጊዜ በደቃቅ ፊደል በአንድ ሐረግ ማለፉን ግን ይቅር ልለው አልቻልሁም።

ሣጥኑ የማያየው ነገር ከሚያየው ይበዛል። ከጉድጓዶቹ አንዱ አሮጌ የመኪና ባትሪ ከሚፈታበት ግቢ አጠገብ ነው፤ የእኔ ጭንቀትም እዚያ ስለ እርሳስ እንጂ ስለ አርሰኒክ አልነበረም። እርሳስም አስመሳይ ነው፤ በካልሲየም ቦታ ወደ አጥንትና ወደ ነርቭ ሕዋስ ይገባል፣ የደምን ቀይ ቀለም የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ያሰናክላል፣ በአጥንት ውስጥም ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ እንዲሁ ይቆያል። ሣጥኑ ለሁለቱም ዕውር ነው። ነጭ ወረቀት ያየ ጎረቤት «ውሃዬ ንጹሕ ነው» ብሎ ሲደሰት መስማት ስላስፈራኝ በየውጤቱ ወረቀት ላይ «ለአርሰኒክ ብቻ» ብዬ በእጄ ጻፍሁ።

አደጋውም መነሣት አለበት። አርሲን ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያፈነዳ ጋዝ ነው፤ መጠኑ እዚህ ጥቂት ቢሆንም ምርመራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይደረግ። ወረቀቶቹ ራሳቸው ሜርኩሪ ስላላቸው፣ ሜርኩሪም እንደ አርሴናይት ከሰልፈር ጫፎች ጋር ስለሚጣበቅ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቆሻሻ ላይ ወይም አዌቱ ወንዝ ውስጥ ሊጣሉ አይገባም። አምራቹ ያገለገሉትን የምንሰበስብበት አንዲት ከረጢት እንኳ አልላከም፤ እኔ በባዶ የቡና ቆርቆሮ ከድኜ አስቀምጫቸዋለሁ።

ለአንድ ቤተሰብ ሣጥኑን ግዙ አልልም፤ ዋጋውም ከባድ ነው፣ ዱቄቱም ቤተሰቡ ሳይጨርሰው ጊዜው ያልፍበታል። ለእድር ወይም ለትምህርት ቤት ግን ምርመራውን የሚይዝ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው እስካለ ድረስ ይገባል። ወረቀቱ ጥቂት እንኳ ቀለም የያዘበትን ውሃ በአቶሚክ አብሶርፕሽን መሣሪያ ወደሚለካ ላቦራቶሪ መውሰድ ያስፈልጋል። ከባትሪው ግቢ አጠገብ ያለውን ጉድጓድ ውሃ ለእርሳስ ምርመራ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ ያዘጋጀሁት ሲሆን፣ ባለቤቱም ውጤቱ እስኪመጣ ለልብስ ማጠቢያ ብቻ ሊጠቀሙበት ተስማምተዋል።