የቡድን ስልጠና፣ የግል አሰልጣኝ ወይስ የሠፈር እትዬ? ሥራዋን ማሳደግ ለምትፈልግ ሴት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ገበያው አይከፋም። ግን ወሩ ሲያልቅ ብሩ የት እንደገባ አላውቅም ነበር። ምክር ፍለጋ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ።

ብዙዎቻችን የምናውቀው የቡድን ስልጠናን ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የሴቶች ኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ፕሮጀክት ስልጠናን ከብድር ጋር ይዞ መጣ። የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ስልጠናም አለ፤ መሠረቱ ኤምፕሬቴክ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት አሰለጣጠን ነው። እኔ የገባሁት ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙ ይቅር። ነፃ ነበር፣ ምሳም ነበረው። ግን ከእኛ ሠፈር መሀል ከተማ ለመድረስ ታክሲ ሁለት ሦስቴ መቀያየር አለ፤ ሱቅም ይዘጋል። አሰልጣኙ ጎበዝ ነው፤ ለአርባ ሰው ግን ስንቱን ደብተር ይይ? ትልቁ ጥቅሙ የተዋወቅኳቸው ሴቶች ናቸው። እስከ ዛሬ እቁብ አብረን እንጥላለን።

የግል አሰልጣኟ ግን ቤቴ መጣች። ቡና እንኳ ሳይፈላ፣ “ዛላው ተቀንጥሶ ሲያልቅ ከ10 ኪሎ ስንት ይቀርሻል?” አለችኝ። መዝኜ አላውቅም። ሚዛን ተውሰን መዘንን፤ 8 ኪሎ እንኳን አልሞላም። እኔ ዋጋ የማወጣው 10 ኪሎ እንዳለ አድርጌ ነው! ከዚያ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ወፍጮው፣ ላስቲኩ ተደመረ። የራሴ ጉልበት ደግሞ ደብተሩ ላይ ጭራሽ የለም። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ የሰጠሁትማ “ሽያጭ” ተብሎ ተጽፏል።

ክፍያው ያማል፣ አልዋሽም። ደግሞም ሁሉም እንደሷ አይደለም። ከሷ በፊት የከፈልኳት አንዷ “ትችያለሽ፣ ራዕይ ይኑርሽ” ብላ መርቃኝ ሄደች። ምርቃት እናቴም በነፃ ትሰጠኛለች።

ሦስተኛዋ እትዬ ናት፤ በአንቺው ሙያ ዕድሜዋን የጨረሰች ነጋዴ። ዋጋዋ አንድ ስኒ ቡና ነው። የማረቆን ዛላ ከሌላው በዓይን ለይታ ታውቃለች፤ መቼ እንደሚረክስም፣ የትኛው ነጋዴ እርጥቡን እንደሚቀላቅልም። ይሄን ማንም አሰልጣኝ አይነግርሽም። ሰፋ ልበል ስትያት ግን “ይበቃሻል ልጄ” ትልሻለች። አንዳንዴም ተፎካካሪሽ ናት።

ምን ዓይነት ትምህርት እንደምትገዢም አስቢበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ቶጎ ውስጥ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን ተከታትሏል። የተለመደውን የሒሳብና የገበያ ትምህርት ከወሰዱት ይልቅ፣ ቀድሞ መንቀሳቀስንና አዲስ ነገር መሞከርን የተለማመዱት በለጡ፤ ትርፋቸው 30 በመቶ ጨመረ። የመጀመሪያዎቹ ጭማሪ 11 በመቶ ገደማ ነበር፤ እሱም በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። ደብተር አምላኪዋ እኔ ይሄን ሳነብ ትንሽ አኮረፍኩ። ግን የእኔዋም አሰልጣኝ ሒሳቡን ካሳየችኝ በኋላ “ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?” ብላ ዝም ነው ያለችው። ጎረቤቶቼ ወር መጨረሻ ላይ ኪሎ አይገዙም። ሩብ ኪሎ ማሸግ የጀመርኩት ከዚያ ጥያቄ በኋላ ነው።

ገና ልትጀምሪ ከሆነ የቡድኑ ይበቃሻል፤ ገንዘብሽን አታባክኚ። ዕቃ መግዛት ላይ የምትሸወጂ ከሆነ እትዬን ቡና ጥሪያት። እየሸጥሽ ትርፉ ካልታየሽ ግን የግል አሰልጣኝ ያዢ። የሦስት ወር ጥቅል ስትልሽ እሺ አትበዪ፤ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ክፈዪ። ደብተርሽን ሳታገላብጥ ከወጣች ሁለተኛውን አትክፈዪ።