ጎንደር ላይ ለባልዲ ስቲከር ልታሳትሙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይችን አንብቡ

ሰላም ጎንደሮች፣ በተለይ ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ ምናምን አሽጋችሁ የምትሸጡ እህቶቼ። 18 ሺህ ብሬን አፈር በላው፣ የናንተም እንዳይበላ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እኔና እማዬ ከጭልጋ የሚመጣ ማር እያጣራን እንሸጣለን። እስከ አምና በሃይላንድ ነበር የምንሸጠው። ዘንድሮ ለጥምቀት የሚመጣ እንግዳ ይዞት የሚሄደው ደህና ነገር ይሁን ብለን ክዳንና እጀታ ያላትን ነጭ ባልዲ ከቅዳሜ ገበያ ገዛን፣ አንድ ኪሎ የምትይዘዋን፣ አፏ ሰፋ ብሎ ወደ ታች ጠበብ የምትለዋን ታውቋታላችሁ። ከዛ ዙሪያዋን የሚጠቀለል ስቲከር ላሳትም ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም።

ባልዲዋን ይዤ ነው የሄድኩት፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ልጁ አየት አደረጋትና "ችግር የለም እህቴ፣ ለማንኛውም እቃ እንሰራለን" አለኝ። ሜትር እንኳን አላወጣም፣ ቁመቷንና የአፏን ዙሪያ እኔ ነኝ ነግሬው የጻፈው፣ የታችኛውን ዙሪያ ደሞ ጭራሽ አልጠየቀኝም። 1,500 ፍሬ፣ አንዱ በ12 ብር፣ ግማሹን 9,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ። ዲዛይኑን በቴሌግራም ላከልኝ፣ የፋሲል ግንብ መሀል ላይ ሆኖ ከስሩ "ንጹህ የጭልጋ ማር" የሚል፣ ስልኬ ላይ ሳየው በጣም ነበር የሚያምረው። እሺ አልኩ፣ ቀሪውን ከፍዬ ካርቶኑን ተሸክሜ ቤት ገባሁ።

የመጀመሪያዋን ስንለጥፍ ፊት ለፊት ላይ ልክ ነበር፣ ወደ ጀርባ ስንዞር ግን ሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ እየሸሸ እየሸሸ ሄዶ ከፊቱ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አለና ክዳኑ ስር ገባ፣ የምርት ቀንና የመጠቀሚያ ጊዜ የተጻፈው ደሞ እዛው ጀርባ ላይ ነው። እማዬ "አንቺ ነሽ ያጣመምሽው" ብላ ሌላ አነሳች፣ እሷ ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ስትጠቀልል ደሞ ዙሩን ሳይጨርስ ከባልዲዋ አፍ አልፎ ወጣ። በጉልበት ቀጥ አድርገን ስንይዘው የታችኛው ጠርዝ ተሸበሸበ፣ በማግስቱ ሽብሽቡ አየር ይዞ ተላቀቀ። እማዬ ዝም ብላ እጇን ታጠበችና ወጣች፣ እሷ ዝም ስትል ነው እኔን የሚያመኝ።

ተመልሼ ስሄድ ባለቤቱ "ስቲከሩ ልክ ነው፣ ባልዲው ነው ጠማማ" አለኝ። ስሟገተው ለዲዛይን ማስተካከያ 3,500 ብር ጨምሪ፣ ህትመቱ ደሞ እንደ አዲስ ይታሰባል አለ። ማስተካከያ ያሉት ምን መሰላችሁ፣ ያንኑ አራት ማዕዘን ዲዛይን ኮምፒውተር ላይ በግምት ጎበጥ ማድረግ ነው። የፋሲል ግንብ ተንጋደደ፣ ፊደሉ ከላይ ተወጥሮ ከታች ተጨፈለቀ። አንድ በተራ ወረቀት አስወጥቼ ባልዲዋ ላይ ሞከርኩት፣ አሁን ደሞ ጫፎቹ ወደ ታች ወረዱ፣ ምክንያቱም ከሚገባው በላይ አጉብጠውታል። ብር ሳልጨምር ወጣሁ።

ነገሩን ያስረዳኝ ሂሳብ የሚያስተምር የአክስቴ ልጅ ነው። ቆሎ የሚሸጥበትን የወረቀት ጥቅል አስቡት፣ አፉን ዙሪያውን እኩል ቆርጣችሁ ብትፈቱት ጠርዙ ቀጥ ያለ አይሆንም፣ የክብ ቁራጭ፣ ማለትም ቅስት ነው የሚሆነው። ባልዲያችን ማለት ጫፉ የተቆረጠ የቆሎ ጥቅል ነው። የኛዋ አፏ 12 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፣ ታቿ 10፣ ጎኗ ደሞ እንደተንጋደደ ሲለካ 10። ዙሪያዋ ከላይ 37.7፣ ከታች 31.4 ነው፣ ከ6 ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት። አራት ማዕዘን ወረቀት ከላይም ከታችም እኩል ነው፣ ታዲያ ያ ትርፍ የት ይግባ? ያ ነው ሽብሽቡ።

ስሌቱ እንዲህ ነው፣ የጎኑን ርዝመት በአፉ ስፋት አባዝታችሁ በሁለቱ ስፋቶች ልዩነት ስታካፍሉ የላይኛው ቅስት ራዲየስ ይመጣል፣ ለኛ 10 በ12 ለ2 ሲካፈል 60። በታቹ ስፋት ስታደርጉት የታችኛው ቅስት ራዲየስ 50። ቅስቱ የሚከፈትበት አንግል ደሞ የሁለቱን ስፋቶች ልዩነት በ180 አባዝቶ ለጎኑ ርዝመት ማካፈል ነው፣ 36 ዲግሪ። ስቲከሩ ከአፉም ከታቹም 1 ሴንቲሜትር እንዲርቅ ስለፈለግን 59 እና 51 ይሆናል፣ አንግሉ አይቀየርም። ጫፍና ጫፉ የሚደራረብበት ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር በአንድ በኩል ይጨመራል። ስሌት የማይሆንላችሁ ደሞ ትልቅ ወረቀት ባልዲው ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና በፕላስተር ያዙት፣ ላይና ታቹን ዙሪያውን በእርሳስ አስምራችሁ ቁረጡት፣ ያንን ቅርጽ ነው ለዲዛይነር የምትሰጡት። "ቴምፕሌት አለን"፣ ማለትም የተዘጋጀ ቅርጽ አለን ካሏችሁ የማን ባልዲ እንደሆነ ጠይቁ፣ ሁለቱም አንድ ኪሎ የሚይዙ ሆነው ከሌላ ፋብሪካ ከወጡ ዝንባሌያቸው ይለያያል። ጽሁፉ ቅስቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ግንቡንና ባርኮዱን ግን ሳይወጥሩና ሳያጎብጡ ነው ማስቀመጥ።

ቅስት ስቲከር ወረቀት ስለሚያባክንና በቅርጹ ስለሚቆረጥ ትንሽ ቢወደድ ተገቢ ነው፣ በዛ አትከራከሩ። የምትከራከሩበት ነገር አንድ ሳምፕል በራሱ በስቲከሩ ወረቀት ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ማር የሞላበት የራሳችሁ ባልዲ ላይ ተለጥፎ ሳታዩ "አትም" አለማለታችሁ ላይ ነው። ስልክ ላይ የምታዩት ዝርግ ምስል ነው፣ እቃው ላይ እንዴት እንደሚሆን አይነግራችሁም። ሳምፕሉን አንድ ቀን አሳድሩት፣ ባልዲው ስር ሶስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ሙጫ ቶሎ የማይዘው ፕላስቲክ ነው፣ ማር ወይም ቅቤ የነካው ከሆነማ ጭራሽ። ደረሰኙም ላይ "ባመጣችው ባልዲ ላይ ሳይሸበሸብ የሚገጥም" ተብሎ ይጻፍ፣ የኔ ደረሰኝ "ስቲከር 1,500" ብቻ ነው የሚለው፣ በሱ ነው የረቱኝ።

አሁን የቀሩትን መሀል መሀላቸውን በመቀስ እየቆረጥን ፊት ለፊት ብቻ እንለጥፋለን፣ 9 ሴንቲሜትር ያህል ስትሆን ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ቀኑን ደሞ እማዬ በእጇ እየጻፈች። ባልዲ ያላችሁ ሶስቱን ልኬት፣ የአፉን ስፋት፣ የታቹን ስፋትና የጎኑን ርዝመት ላኩልኝ፣ የአክስቴ ልጅ ያሰላላችኋል፣ ብር አይቀበልም።