ኪኮማን ሶያ ሶስ በደብረ ማርቆስ የከሰል ምድጃ ላይ

ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዴ ሁለት ጠርሙስ ሶያ ሶስ፣ ማለትም ጨዋማ ጥቁር የምግብ ማጣፈጫ፣ ይዞልኝ መጣ። አንዱ ባለ ቀይ ክዳኑ 150 ሚሊ ሊትር ኪኮማን የተባለው የጃፓን ምርት ሲሆን፣ ሌላው ስሙን የማልጠራው፣ መጠኑ ተለቅ፣ ዋጋው ደግሞ ዝቅ ያለ ምርት ነው። ሁዳዴ ከተፈታ ወዲህ ሁለቱንም በበሬ ሥጋ ጥብስ ላይ ደጋግሜ ስለሞከርኋቸው፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ምግብ በቤቱ ሊሠራ ለሚያስብ ሰው ያየሁትን ልጽፍ ወደድሁ።

ሶያ ሶስ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የጠርሙሱን ጀርባ ቢያነብ ይሻላል። በኪኮማኑ ላይ የተዘረዘሩት ውኃ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴና ጨው ናቸው። በእንፋሎት የበሰለው አኩሪ አተርና የተቆላው ስንዴ ተደባልቀው፣ ለዚሁ ሥራ የሚውል የሻጋታ ዘር ከተነሰነሰባቸው በኋላ፣ በጨው ውኃ ውስጥ ለወራት ይብላላሉ፤ ከዚያም ተጨምቀው ይጣራሉ። በሌላው ጠርሙስ ላይ ግን የተጻፈው በአሲድ የተፈታ የአትክልት ፕሮቲን፣ የካራሜል ቀለምና ማጣፈጫ ነው፤ ይህ መንገድ የወራቱን ሥራ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ልዩነቱ ምላስ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ርካሹ ጨውና ጥቁረት ብቻ ሲሰጥ፣ የተብላላው ከጨዉ ኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጣፋጭነትና የጠላ ቤትን የሚያስታውስ መዓዛ አለው። የባቄላ ዱቄትን ከሱፍ ውኃ ጋር አብስሎ፣ ሰናፍጭ ጨምሮ ስልጆ የሚያብላላ አገር ሰው ይህን ጣዕም ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። እናቴ ከማንኪያ ጫፍ ቀምሳ፣ «ይኼማ ስልጆ ነው ልጄ፤ ሱፉን የት ጣልኸው?» ብላኛለች።

ዋናው ፈተና ግን ሶሱ ሳይሆን ሥጋው ሆነብኝ። የእኛ ሥጋ ሌሊት ታርዶ ጠዋት የሚሸጥ፣ ብዙ ጊዜም ከእርሻ ወጥቶ የደለበ በሬ ሥጋ ስለሆነ፣ ለጥሬና ለክትፎ የሚያስመሰግነው ትኩስነቱ በፈጣን ጥብስ ላይ ጠንካራ ያደርገዋል። ሥጋ ቤቱም «ለጥብስ ነው» ስትሉት በልማዱ አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆራርጠዋል፤ ይህ ቅርጽ ለዚህ ምግብ አይሆንም። ግማሽ ኪሎ ሽንጥ ሳይቆረጥ ተቀብሎ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው እስኪጠጥር ድረስ ጥቂት አቆይቶ፣ ክሩ ከሚሄድበት አቅጣጫ በአግድም በስሱ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና በጥቂት ዘይት ታሽቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ቢቆይ፣ ስታርቹ የሥጋውን ውኃ ይዞ ያቆየዋል። ጭቅና ገዝቶ ከዚህ ሁሉ መገላገልም ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ጭቅናን ሶያ ሶስ ውስጥ መንከር እንደ ብክነት ይታየኛል።

እሳቱ የሚንቀለቀል መሆን አለበት። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬዎች እንደ ሰብል ተክለው የሚያከስሉት ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ከሰል እኛ ዘንድ ስለማይጠፋ፣ የቤቴን ኤሌክትሪክ ምድጃ ትቼ በእርሱ ሠራሁ፤ የብረት መጥበሻው ጭስ እስኪል ከጋለ በኋላ ሥጋውን ሁለት ጊዜ ከፍዬ ጠበስሁት። አንድ ላይ የጨመርሁት ዕለት ውኃውን ለቅቆ ተቀቀለብኝ። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በቁመቱ የተቆረጠ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ይገባሉ፤ ቀይ ሽንኩርቱን እንደ ወጥ ማቁላላት አይገባም፣ ሳይለሰልስ መውጣት አለበት። ቀሪው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶስ ከጥቂት ውኃ ጋር የሚገባው በመጨረሻው ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ ከገባ መጥበሻው ላይ አርሮ ይመርራል። የኑግ ዘይትና ንጥር ቅቤ ሞክሬ ሁለቱንም ትቻለሁ፤ የኑጉ ጠረንና የቅቤው ኮሰረት ሶሱን ከነጭራሹ ይውጡታል።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዴ ሥጋውን ጨው ነስንሼበት ነበርና ማንም ሊበላው አልቻለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ኪኮማን ብቻውን 2.4 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ሦስቱ ማንኪያ ለአራት ሰው ሲከፈል ድርሻው ከ2 ግራም ጥቂት ያንሳል፤ ስለዚህ ሌላ ጨው ጨርሶ አያሻም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ከዚህም መቀነስ ይኖርበታል፤ ስንዴ የማይስማማው ደግሞ ይህን ጠርሙስ ባይነካ ይሻለዋል።

ስለ ጠርሙሱ አንድ ነገር ልጨምር። በ1961 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኬንጂ ኤኩዋን የተባለ ጃፓናዊ የነደፈው ይህ ቅርጽ በእርግጥ ምስጉን ነው፤ በክዳኑ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱ አየር ሲያስገባ በሌላው ሶሱ በልክ ስለሚወርድ፣ ጠብታ በአንገቱ ላይ ተንጠባጥቦ ጠረጴዛ አያበላሽም። ዳሩ ግን 150 ሚሊ ሊትር ማለት አሥር የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሠሩበት ያልቃል። ርካሹ ጠርሙስ አሁንም ግማሹ አለ፤ ማንም አይጠይቀውም።

በእንጀራ ሲቀርብ መረቁ ቀጭን በመሆኑ እንጀራውን ያረጥበዋል፤ ስታርቹ መረቁን ሲያወፍረው ግን ጠቅልሎ ለመጉረስ ይመቻል። ከሩዝ ጋር የተሻለ ይስማማል፤ ሆኖም ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነና ውኃው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሩዙን አስቀድሞ መጣድ ይገባል፤ ሥጋው እርሱን አይጠብቅም። በጠርሙሱ የቀረችውን አንዲት ማንኪያ ለረቡዕ አስቀምጫት ነበር። የእንስሳት ተዋጽኦ ስለሌለባት ጥቅል ጎመንና ካሮት ጠበስሁባት፤ እናቴም ያን ዕለት ስለ ሱፉ ሳትጠይቅ ሁለተኛ አስጨመረች።