የአዳማ ፑሚስ ብሎኬት፦ ለመልሶ ማቋቋሚያ ቤት ይሆናል?

ይሆናል፤ ከመሬት በላይ ከሆነና ውሃውን በደንብ ጠጥቶ ከሰነበተ።

አዳማ በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉትን ተቀብላ አስፍራለች፤ ከዚያም ወዲህ መስፋቷን አላቆመችም። ቶሎ የሚቆም ግድግዳ ፈላጊው ብዙ ነው። ፑሚስ የሚባለው ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ በአካባቢው ሞልቷል።

ትልቁ ጥቅሙ ቅለቱ ነው። 20 ሴንቲ ውፍረት ያለው፣ ባለ 20 የሚባለው ብሎኬት ከ12 እስከ 14 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ በጠጠር የተመረተው 20 ኪሎ ይጠጋል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቷል፤ መሬት ሲነቃነቅ ቀላል ግድግዳ ቤቱን የሚገፋበት ኃይል ያንሳል። ብሎኬቱ ግን ራሱን አይችልም። በየማዕዘኑ ባለ 12 ሚሊ ፌሮ ብረት አራት የገባበት ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ)፣ ብረቶቹን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ስታፋው፣ ቢበዛ በየ20 ሴንቲው፣ ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ቢም (የኮንክሪት አግዳሚ) ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ቢሙን ይተውና ቆርቆሮውን በቀጥታ ብሎኬቱ ላይ ያሳርፋል፤ የሚፈርሰውም እዚያ ጋ ነው።

ጥራቱ ከአምራች አምራች ይለያያል። ፑሚስ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ደረቁን ካቦኩት ሲሚንቶው የሚፈልገውን ውሃ ራሱ ይመጠዋል። ከዋዜማው መራስ አለበት። ከሞልድ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ በጥላ ሥር ይጠጣል፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ተርባይን የሚያዞረው የአዳማ ነፋስ ጠዋት የጠጣውን እኩለ ቀን ሳይደርስ ያደርቀዋል። በሦስተኛው ቀን አይሱዙ ላይ የሚጫነው ብሎኬት ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉን እንዳለፈ አስቡት።

ከአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ25 እስከ 30 ባለ 20 ብሎኬት ይወጣል። «40 አወጣለሁ» የሚል ካለ አትግዙ። ጠርዙን በሚስማር ፋቁት፤ እንደ ዱቄት ከረገፈ ይቅርባችሁ። አንዱን ሰብራችሁ ውስጡንም እዩ።

ለመሠረት በጭራሽ አይሆንም። ከተማዋ በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ናት፣ የክረምት ጎርፍ ከዳገቱ ይወርድባታል። ከመሬት በላይ እስከ 50 ሴንቲ ድረስ የድንጋይ ግንብ ይሁን፤ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ያለው የጎርፍ ምልክት ከዚያ ካለፈ ግንቡን ከምልክቱ በላይ አድርጉት። ግንቡና ብሎኬቱ መካከል ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ ያለበለዚያ ርጥበቱ ሽቅብ ወጥቶ ልስኑን ያረግፈዋል።

ለ4 በ5 ሜትር ቤት፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ተቀንሶ፣ ከሰባራው ጋር 580 ብሎኬት ይበቃል። ሲጫን ቀዳዳው ወደ ላይ ይሁን፤ ሲራገፍ ከመኪና የሚወረወር ከሆነ 580ውም አይበቃም።