የቲሸርት ማተሚያ ማሽናቸውን ሊሸጡልኝ ሲችሉ «አትግዢ» ላሉኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ከየካቲት 23 በፊት ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። አሁን ለዘንድሮው የዓድዋ በዓል ያዘጋጀኋቸው ጥቁር ቲሸርቶች ተሸጠው አልቀዋል። ብዙዎቹም ሦስት አራት ጊዜ ታጥበዋል። ስለዚህ አፌን ሞልቼ ማመስገን እችላለሁ።

መጀመሪያ የአምናውን ጉዴን ልንገራችሁ። ለዓድዋ በዓል 60 ነጭ ቲሸርት አሳትሜ ነበር። ምኒልክና ጣይቱ፣ ከኋላ ፈረሰኞች፣ ጋሻው፣ ባንዲራው፣ ሁሉም በሙሉ ቀለም። ስረከብ ትንሽ ፈዘዝ ብሎብኝ ነበር፤ «ጨርቁ ነው» አሉኝና ዝም አልኩ። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ደንበኞቼ ፎቶ ይልኩልኝ ጀመር። ጣይቱ ገርጥተዋል፣ ፈረሶቹ የሉም። አንዷማ «አባ ዳኘው ወዴት ዘመቱ?» ብላ ጻፈችልኝ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ገንዘቧን መለስኩላት።

ዘንድሮ 130ኛው ዓመት ነው፤ እንዲያ ዓይነት ውርደት ድጋሚ አልፈልግም። እቁብ ደርሶኝ ስለነበር የራሴን ማተሚያ ልገዛ ቆርጬ ተነሳሁ። አንድ ወዳጄ ግን «ብርሽን ከማውጣትሽ በፊት እኚህን ሰው አነጋግሪያቸው» ብሎ ላከኝ።

ጋሼ ድሮ የሱቅ ማስታወቂያ በብሩሽ ይጽፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ስክሪን ፕሪንት (ቀለምን ፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ አሳልፎ ማተም)፣ ከዚያ ባነር፣ አሁን ደግሞ ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ አትሞ ወደ ልብስ ማዛወር)። ፒያሳ ሲፈርስ ሱቃቸውን ወደ ሜክሲኮ አካባቢ አዛውረዋል።

የአምናውን ቲሸርት አሳየኋቸው። ዋጋ አልጠሩም፣ ዲዛይኑንም አላዩም። ከጠርዙ አንድ ክር መዘዙና በክብሪት ለኮሱት። «ሸተተሽ? የተቃጠለ ወረቀት ይላል። አመድ ሆነ። ጥጥ ነው። ፖሊስተር ቢሆን ኖሮ ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥር ነበር።» ከዚያ ህትመቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «በሰብሊሜሽን ነው ያተሙልሽ። ያ ቀለም ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ጋዝ ሆኖ ፖሊስተር ውስጥ ይገባል። ጥጥ አያስገባውም። ደጅ አድሮ ደጅ ይሄዳል።» አንድ ዓመት ሙሉ የከነከነኝ ነገር በአንድ ክብሪት ተፈታ። ሰብሊሜሽን ነጭ ቀለም ስለሌለው ጥቁር ጨርቅ ላይ ጭራሽ አይታይም። ለስፖርት ማሊያና ለኩባያ ግን የሚያህለው የለም አሉኝ።

ስክሪን ፕሪንትስ? ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም መወጠር አለበት። «አራት መቶ ቲሸርት በሁለት ቀለም አምጪ፣ በርካሽ እሠራልሻለሁ። ለአርባ ቲሸርት የንጉሡን ካባ በስንት ፍሬም ልወጥር?» አሉ። ዲቲጂ የሚሉት፣ ጨርቁ ላይ በቀጥታ የሚያትመው ማሽን፣ ሲነኩት ለስላሳ ነው። ግን ጥቁር ቲሸርት ቀድሞ ፈሳሽ ተረጭቶ መድረቅ አለበት፤ ዋጋውም የእኔን እቁብ የሚያስቅ ነው።

የቀረው ዲቲኤፍ ነበር፤ ልገዛው ያሰብኩትም እሱን ነው። ጋሼ ቆሜ እንዳይ አደረጉኝ። ምስሉ ተገልብጦ ፕላስቲክ ፊልም ላይ ይታተማል። መጀመሪያ ቀለሞቹ፣ በላያቸው ነጩ። ቀለሙ ሳይደርቅ እንደ ዱቄት ያለ ሙጫ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በሙቀት ይቀልጣል። በመጨረሻ ቲሸርቱ ላይ ተገልብጦ በሂት ፕሬስ፣ ማለትም በሙቀት መጫኛ ማሽን፣ ይጫናል፣ ወደ 160 ዲግሪ፣ ለ15 ሰከንድ ያህል። ጥጥም ይሁን ፖሊስተር፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ ይይዛል።

እኔ በቃ ተማርኬያለሁ። «ይሄን ነው የምገዛው» አልኩ።

«በሳምንት ስንት ቲሸርት ትሸጫለሽ?»

«አሥራ አምስት… ቢበዛ ሃያ።»

«እንግዲያው አትግዢ፣ ልጄ። ይበላሻል።»

ጣጣው ነጩ ቀለም ነው። ከባድ ስለሆነ እታች ይዘቅጣል፤ በየጊዜው መናወጥ ይፈልጋል። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ከሰነበተ ወይም መብራት ሄዶ ሳይጸዳ ከቆየ የማተሚያው ጭንቅላት ይደፈናል። ጭንቅላቱ ደግሞ የማሽኑ ውድ ዕቃ ነው። በቀን በቀን ለማያትም ሰው ትርፉ ቀለም እያፈሰሱ ማጽዳት ብቻ ነው።

«ሂት ፕሬሱን ብቻ ግዢ፣ 38 በ38 ሳንቲሜትር የሆነውን። ፊልሙን በሜትር እኔ አትምልሻለሁ፣ አንቺ ቤትሽ ትጫኚዋለሽ» አሉኝ። ገዛሁ። ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ መብራት ነው የሚበላው። ሲታዘዝ አንድ በአንድ እጫናለሁ፤ ሳይሸጥ የሚቀር ቲሸርት የለኝም። ሜትሩ ላይ የሚተርፈውን ቦታም ጋሼ በትንንሽ የደረትና የእጅጌ ጌጥ ይሞሉልኛል፤ እንደ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ቁራጭ አያባክኑም።

ለካ በዚያው ሰሞን ያገለገለ ዲቲኤፍ ማሽናቸውን ሊሸጡ ገዢ እየፈለጉ ነበር! ይህን የነገረኝ ከወር በኋላ ረዳታቸው ነው። እኔ ደግሞ ብሬን በቦርሳዬ ይዤ ፊታቸው ቆሜ ነበር።

ዲዛይኔንም ያረሙት እሳቸው ናቸው። ምስሉ ጥቁር ጀርባ ነበረው። «ቲሸርቱ ራሱ ጥቁር አይደል? ለምን ለጥቁር ቀለም እንከፍላለን?» ብለው አስወጡት። እውነታቸውን ነው። ደረት ሙሉ ህትመት ሲለጠፍ ላብ አያስወጣም፤ አሁን ግን በምስሎቹ መካከል ጨርቁ ይተነፍሳል። ከመድፉ የሚወጣውን እየሳሳ የሚጠፋ ጭስም ወደ ነጠብጣብ ቀየሩት፣ አለዚያ ከሥሩ ያለው ነጭ ጠርዙ ላይ ብቅ ይላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የላክሁትን መለሱብኝ። እንደ ፋይል ካልተላከ ጥራቱ ይወርዳል። እኔስ ስንት ዓመት እንደ ፎቶ እየላክሁ ኖርኩ!

ደንበኞቼም የጋሼን ምክር ተቀብለዋል፤ ገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ ህትመቱን በካውያ አለመንካት። እስካሁን አንድም የገረጣ ምኒልክ ፎቶ አልደረሰኝም።

እንከን አይጠፋምና ልናገር፤ ጋሼ ስልክ አያነሱም። ሦስት ጊዜ ደውዬ ቢያነሱ አንዴ ነው። በዓል ሲደርስም ሱቃቸው ስለሚጨናነቅ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለነገሩኝ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሚታተምበትን ቲሸርት ይዛችሁ መሄድ አትርሱ፤ ክብሪቱን ሲያወጡም አትደንግጡ።